የግቢ አትክልት በጥቁር ዋልካ ላይ፦ 120 ካሬ፣ በሳምንት 2 ሰዓት

ቦታው ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው። ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ። ይዞታው 250 ካሬ ሲሆን ቤቱ 100፣ መኪና ማቆሚያው 30 ወስደው ለአትክልት 120 ቀርቷል። ከባለቤቶቹ ጋር የተስማማንበት ነገር አንድ ነው፦ አትክልተኛ አይቀጠርም፤ ከተከላው ቀጥሎ ያለው በጋ ሳያልቅ የግቢው ሥራ በሳምንት ከ2 ሰዓት በታች ይወርዳል። ስለዚህ መዝገባችን ላይ ከስፋትና ከወጪ ጎን «ደቂቃ» የሚል ዓምድ አለ።

ወጪውን በብር አልጻፍንም። የዚህ ሳምንት ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሠራም። በቢያጆ (የገልባጭ መኪና ጭነት)፣ በኩንታልና በሰው ቀን (አንድ ሰው በቀን የሚሠራው ሥራ) መዝግበናል፤ የቀረው በየሰፈሩ ዋጋ ማባዛት ነው።

መጋቢት፣ 1ኛና 2ኛ ሳምንት። ልኬት ብቻ

ዶማ አልተነሳም። መጀመሪያ የተፈተነው አፈሩ ነው። እርጥብ አፈር በመዳፍ ተድቦልቡሎ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እንደ ጥብጣብ ሲገፋ ከ5 ሴ.ሜ በላይ ሳይበጠስ ከወጣ ከባድ ሸክላ ነው። የእኛ 8 ሴ.ሜ ደርሶ ገና አልተበጠሰም።

ቀጥሎ የውሃ ፍተሻ። ሦስት ቦታ 30 ሴ.ሜ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ማታ በውሃ ተሞላ፣ ጠዋት እንደገና ተሞላና በየሰዓቱ ምን ያህል እንደወረደ ተለካ። የመጀመሪያውን ሙሌት መቁጠር ያሳስታል፤ ደረቅ ዋልካ በንቃቃቱ በኩል ውሃ ስለሚውጥ ጥሩ አፈር መስሎ ይታያል። ውጤቱ፦ በፊት ለፊት በሰዓት 0.5 ሴ.ሜ፣ ከኋላ 1.2፣ በር አጠገብ ግን ውሃው ወዲያው ጠፋ። እዚያ ከቤት ግንባታ የተረፈ ገረጋንቲ ተቀብሮ ነበር። በሰዓት ከ1 ሴ.ሜ በታች የሚወርድ ቦታ ላይ ቆፍሮ መትከል ጉድጓዱን ገንዳ ማድረግ ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይታፈናል። መፍትሔው መትከያውን ከመሬት ከፍ ማድረግ ነው። ሰሜን ሸዋ ኢነዋሪ አካባቢ ገበሬው ዋልካ ላይ ሲዘራ መሬቱን በእጁ ሰፋፊ መደብና ቦይ አድርጎ ያበጃል፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ሥሩ መደቡ ላይ ይተነፍሳል። የዚህ ግቢ ንድፍ ከዚያ ብዙም አይለይም፤ የተጨመረበት ኮብልስቶን ነው።

ፀሐይ። አካባቢው በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትውልም። በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው የደቡብ አጥር ወደ ግቢው 1.6 ሜትር ጥላ ይጥላል። ቤቱ 6 ሜትር ስለሆነ ከበስተሰሜኑ 3.8 ሜትር ያጠላል። ይህ ቁራጭ ብርዱ በሚበረታበት ወቅት ሞቅ የሚልበት ጊዜ የለም። ብርድ የማይችል ተክል እዚያ አይገባም፤ ጌሾ ይገባል።

የግቢው ዝቅተኛ ጥግ ሰሜን ምሥራቅ ነው። የሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ ብሎኬት አጥር ካገኘ ይጠራቀማል። ጥጉን በመዝገቡ ላይ «ውርጭ» ብለን ምልክት አደረግንበት። ይህን ማስታወሻ ኋላ ራሳችን ዘነጋነው።

መጋቢት 3ኛ ሳምንት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ። ንድፍና የደቂቃ ሂሳብ

የባለቤቶቹ የመጀመሪያ ሐሳብ 70 ካሬ ሳር፣ ዙሪያውን 20 ሜትር የፈረንጅ ጥድ አጥር፣ መሃል ላይ የአበባ ክብ ነበር። ቆንጆ ነው፤ ደቂቃው ግን እንዲህ ወጣ፦

ሳር 70 ካሬ፣ በክረምት በየ10 ቀኑ በማጭድ 2 ሰዓት። ከኩርባ ዳር የሚሾልከውን ሰርዶ መንቀል 40 ደቂቃ። የጥዱ አጥር በዓመት 3 ጊዜ መከርከም፣ በእያንዳንዱ 3 ሰዓት። በዚያ ላይ የፈረንጅ ጥድ አንድ ጊዜ ካመለጠና እስከ ቡናማው እንጨት ድረስ ከተቆረጠ እዚያ ላይ አያቆጠቁጥም፤ ቀዳዳው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ተባይም ይወደዋል፤ ቅርንጫፉ በየቦታው ደርቆ ሲቀር የሚታየው ከዚህ ነው። ስለዚህ አጥሩ ተሰረዘ።

ሳሩ ወደ 24 ካሬ ወረደ፦ 4 በ6፣ ኩርባ የሌለው። በእጅ የሚገፋው ማጨጃ ወርዱ 45 ሴ.ሜ ስለሆነ 4 ሜትሩን በ10 ምልልስ ይጨርሳል፤ ከነማጽዳቱ 15 ደቂቃ። በዙሪያው ሁለት ረድፍ ኮብልስቶን ከሳሩ አፈር ጋር እኩል ተደርጎ እንዲነጠፍ ተወሰነ፤ የማጨጃው ጎማ በላዩ ስለሚሄድ ዳሩን በመቀስ መቁረጥ ይቀራል። ከኮብሉ ጀርባ 25 ሴ.ሜ ጥልቀት ያለው የቆርቆሮ ቁራጭ ይቀበራል። የኪኩዩ ሳርም ሆነ ሰርዶ ከአፈር በታች በሥር መሳይ ግንዱ ይጓዛል፤ ኮብልስቶን ብቻውን አያቆመውም፣ እንዲያውም መደበቂያ ይሆነዋል።

የቀረው ቦታ፦ መንገድ 22፣ መደብ 60፣ ቦይ 14 ካሬ።

የተክል ዓይነት ከ11 እንዳይበልጥ ወሰንን። ለ60 ካሬ 11 ዓይነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከችግኝ ጣቢያ አንድ አንድ እየተለቀመ የመጣ 30 ዓይነት ተክል 30 ዓይነት አጠጣጥና 30 ዓይነት መግረዝ ይጠይቃል፤ ለዓይንም ገበያ ይሆናል። ዝርዝሩ፦ ወይራ 1፣ አምጃ 5፣ ጌሾ 3፣ ቀጋ 3፣ ሮዝመሪ 7፣ ላቬንደር 14፣ እሬት 7፣ አጋፓንተስ 36፣ ለመደብ ጠርዝ ጦስኝ፣ ለቦይ ዳር ካላ ሊሊና ኪኒፎፊያ። ካላ ሊሊ በሳይንሳዊ ስሙ «ኤትዮፒካ» ቢባልም መገኛው ደቡብ አፍሪካ ነው። ጭማቂው አፍ ስለሚያቃጥል ልጅ ከሚጫወትበት ዳር አርቀነዋል። ኪኒፎፊያ ግን የዚሁ የደጋው ነው፤ ችቦ የመሰለ ብርቱካናማ አበባ ያወጣል።

ርቀቱ የተሰላው ተክሉ ሲያድግ በሚኖረው ስፋት ነው፦ አምጃ፣ ጌሾና ቀጋ 1.5 ሜትር፣ ሮዝመሪ 1 ሜትር፣ እሬት 70፣ ላቬንደር 60፣ አጋፓንተስ 40 ሴ.ሜ። የመጀመሪያው ዓመት ግቢው ባዶ ይመስላል። አቀራርቦ መትከል ያንን ባዶነት ይሸፍናል፤ በሦስተኛው ዓመት ግን መቀስ ከእጅ አይወርድም።

አቀማመጡ የተመረጠው ከሁለት ቦታ በሚታየው ነው፦ ከሳሎን መስኮትና ከበሩ። ሮዝመሪው በሦስት ቦታ ተደጋግሞ ይታያል፤ ዓይን የሚያያይዘው ድግግሞሹን ነው። ቀለሙ ደግሞ ከአበባ ይልቅ በቅጠል ተመረጠ፦ የላቬንደር አመድማ፣ የወይራ ጥቁር አረንጓዴ፣ የእሬት ደብዛዛ ሰማያዊ። ግቢ የሚፈተነው በጥር ነው። በመስከረም አደይ የወጣበት ባዶ ሜዳም ያምራል።

ከቤቱ ግድግዳ 1.5 ሜትር ድረስ ምንም አይተከልም፤ ሊሾ ሆኖ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሴ.ሜ ይወርዳል። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከመሠረቱ በአንድ በኩል ብቻ መደብ እየጠጣ ከኖረ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ወይራው 5 ሜትር ርቋል።

ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት። ቦይ፣ መደብ፣ መንገድ

የበልግ ዝናብ ዋልካውን አለስልሶታል። የሚቆፈርበት ጊዜ ይህ ነው፤ በጥር ድጅኖ ያነጥራል፣ በሐምሌ አካፋው አፈሩን ተሸክሞ ይቀራል። አፈር አካፋ ላይ ከተጣበቀ ሥራ ማቆም፤ በዚያ ሁኔታ የተረገጠ ዋልካ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል።

ቦዩ 20 ሜትር ርዝመት፣ 70 ሴ.ሜ ወርድ። መነሻው 30፣ መድረሻው 50 ሴ.ሜ ጥልቀት አለው፤ 20 ሴ.ሜ በ20 ሜትር፣ ማለትም 1 በመቶ። ልኩ በሲባጎና በውሃ ልክ በየ2 ሜትሩ ታይቷል። 4 የሰው ቀን ፈጀ። 30 ሚሊ ሜትር የጣለ ዝናብ በ250 ካሬ ላይ 7,500 ሊትር ነው፤ ይህ ሁሉ ወደ መንገድ ዳር ቦይ የሚወጣበት አንድ ቀዳዳ አጥሩ ላይ ተከፈተ፣ በፌሮ ፍርግርግ ተዘጋ። የቦዩ ወለልና ዳር ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ ተለበጠ። ዋልካ ላይ ሲሚንቶ የሚሰነጠቅበት ቀን ሩቅ አይደለም፤ የተደረደረ ድንጋይ ግን ከአፈሩ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ የወጣውን መልሶ ማስገባት ይቻላል።

መደቡ 35 ሴ.ሜ ከፍታ። 60 ካሬ በ35 ሴ.ሜ 21 ሜትር ኩብ ነው፤ የተበተነ አፈር ሲረጋ ስለሚጎድል 25 ሜትር ኩብ ገባ፦ ቀይ አፈር አንድ ሲኖትራክ ቢያጆ (16 ሜትር ኩብ)፣ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) 6፣ የበሰለ ፍግና ኮምፖስት 3። ከሥር ያለው ዋልካ 15 ሴ.ሜ ያህል በድጅኖ ተፈነቀለ፣ አልተገለበጠም። ሳይፈነቀል አዲስ አፈር ከተደፋበት ውሃው ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ይቆማል።

ዋልካን በአሸዋ ማሻሻል ብዙዎች የሚሞክሩት ነገር ነው። ጥቂት አሸዋ ከሸክላ ጋር ሲገናኝ የሸክላው ቅንጣት የአሸዋውን ክፍተት ይሞላና የሚገኘው የጭቃ ብሎኬት ነው። ሬድ አሽ ግን ቀዳዳ ያለው ሸካራ ጠጠር ስለሆነ አየር ይይዛል።

መንገዱ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ኮብልስቶኑ 10 ሴ.ሜ ሬድ አሽ ላይ ተነጠፈ። በቀይ አፈር ላይ ይበቃ ነበር። በግንቦት መጨረሻ ሁለት ትልልቅ ዝናብ ጣለ፣ የእጅ ጋሪ በሚያልፍበት መስመር 4 ሴ.ሜ ሰመጠ፤ ጭቃውም በጠጠሩ መሃል ተስቦ በኮብሉ መገጣጠሚያ ወጣ። ተነቀለ። 25 ሴ.ሜ ድረስ ተቆፍሮ ወለሉ ላይ ሁለት ድርብ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ተነጠፈ፤ ጂኦቴክስታይል (ጠጠርና ጭቃ እንዳይቀላቀሉ የሚለይ ጨርቅ) የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፣ ፀሐይ እስካላየው ድረስ አይበሰብስም። ከረጢቶቹ በ30 ሴ.ሜ መደራረብ አለባቸው። ከላዩ ሬድ አሽ በሁለት ዙር ተደፍቶ እያንዳንዱ በመደምደሚያ ተመታ፣ ከዚያ 4 ሴ.ሜ አሸዋ፣ ከዚያ ኮብል። ለ22 ካሬ 7 ሜትር ኩብ የተበተነ ሬድ አሽ ገባ። ለማፍረስና ለመድገም 5 የሰው ቀን ተጨማሪ ወጣ። ዋናው መንገድ 1.2 ሜትር፣ የጎኑ 60 ሴ.ሜ ነው፤ 60 ለሰው ይበቃል፣ ለጋሪ አይበቃም።

ሰኔ። ውሃ

ከጣሪያ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ 1 ሊትር ይሰጣል። ጣሪያው 100 ካሬ ነው፤ በትነትና በመረጨት የሚጠፋው 15 በመቶ ሲቀነስ 2,000 ሊትር ታንከር በ24 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላል። በክረምት ይህ ምንም አይደለም። ጥያቄው በጋውን ስንት ቀን ያሻግራል የሚለው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ውሃ የሚፈልጉት ከእሬቱ በቀር 33 ቁጥቋጦ ችግኞች ናቸው። በሳምንት ለእያንዳንዱ 6 ሊትር፣ በድምሩ ወደ 200። ታንከሩ 10 ሳምንት ይሄዳል፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ። ከዚያ በኋላ ያለው ከቧንቧ ነው።

አሸንዳው ጫፍ ላይ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ የሚይዝ አንድ ሜትር ቁልቁል ቱቦ ከነመዝጊያው ተጨመረ። የወባ ትንኝ እዚህ ከፍታ ላይ ብዙም አያሰጋም፤ ሌላው ትንኝ ግን ስላለ የታንከሩ አፍ በወንፊት ተሸፈነ። ታንከሩ ጥቁር ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ውሃው አረንጓዴ ያበቅላል።

ሁለተኛው ስህተት የታንከሩ መቆሚያ ነው። 2,000 ሊትር 2 ቶን ነው። መቆሚያው በብሎኬት 1 ሜትር ከፍ ተደርጎ 15 ሴ.ሜ ጠጠር ላይ ተገነባ። የሞልቶ መፍሰሻው ቱቦ ደግሞ መቆሚያው ጎን ላይ አለቀ፤ «ቦዩ ቅርብ ነው፣ ኋላ እናገናኘዋለን» ተባለ። ሐምሌ ሲጋመስ መቆሚያው በአንድ በኩል 4 ሴ.ሜ ዘመመ፤ የረጠበው ወገን ተጭኖ ሰመጠ፣ ደረቁ ቆመ። ታንከሩ ባዶ ሆነ፣ ወረደ። 60 ሴ.ሜ ተቆፍሮ፣ ከመቆሚያው በየጎኑ 20 ሴ.ሜ ሰፍቶ፣ በተረፈው 2 ሜትር ኩብ ሬድ አሽና በገረጋንቲ በ15 ሴ.ሜ ንብርብር ተደመደመ። መፍሰሻው በ75 ሚሊ ሜትር ቱቦ እስከ ቦዩ ተዘረጋ። በዝናብ መሃል የሚሠራ ቁፋሮ ስለሆነ የ3 ቀኑ ሥራ 6 የሰው ቀን በላ።

የጠብታ መስኖው ሌላ ነገር አስተማረ። 10 ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ያህል ነው፤ 1 ሜትር መቆሚያ 0.1 ባር ይሰጣል። መጀመሪያ የተገዙት ነጠብጣቢዎች ለቧንቧ ግፊት የተሠሩ ስለነበሩ ቅርብ ያሉት ሲያንጠባጥቡ ሩቅ ያሉት ደረቅ ቀሩ። በ16 ሚሊ ሜትር መስመር ላይ በተሰኩ ቀጫጭን ማይክሮ ቱቦዎች ተተኩ። ሩቅ ላሉት አጭር፣ ቅርብ ላሉት ረጅም ቱቦ ሲደረግ ፍሰቱ ይመጣጠናል። ማጣሪያው ከታንከሩ መውጫ ላይ ነው፣ በ2 ሳምንት አንዴ ይታጠባል፤ 5 ደቂቃ።

ሐምሌ፣ 1ኛና 2ኛ ሳምንት። ተከላ

ችግኝ ሲገዛ ከቁመቱ ይልቅ ግርጌው ይታያል። ላስቲኩ ታች ላይ ሥር ወጥቶ መሬት ውስጥ የገባ፣ ወይም ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ ተጠምጥሞ የዞረ ከሆነ አይገዛም። 60 ሴ.ሜ ደንዳና ወይራ 1.5 ሜትር ከሆነው ቀጭን በሁለት ዓመት ይቀድማል።

አተካከሉ፦ ላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወልቃል (ላስቲኩን ሰንጥቆ ብቻ መትከል ሥሩን ያንቃል)፤ ከታች 1 ሴ.ሜ ሥር ይቆረጣል፤ የጉድጓዱ ግድግዳ በአካፋ ከተለሰነ በድጅኖ ጫፍ ይቧጨራል፤ የችግኙ አንገት ከአፈሩ 3 ሴ.ሜ ከፍ ይላል፣ መደቡ ሲረጋ እኩል ይሆናል። ፍግ ጉድጓድ ውስጥ አልገባም፤ ላይ ላይ ተበተነ።

5ቱ ላቬንደሮች ጉብታ ላይ ገቡ፤ 2 እጅ ሬድ አሽ፣ 1 እጅ ቀይ አፈር፣ ግማሽ እጅ ኮምፖስት፣ ከመደቡ 20 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ። ሬድ አሹ የሚያልቅ ስለመሰለን 9ኙ ጠፍጣፋው መደብ ላይ ተተከሉ።

12ኛዋ ተክል፣ ከሕጉ ውጭ፣ ቡገንቪላ ናት። ባለቤቶቹ ወደዷት፤ ነጻ ሆኖ የተገኘው አጥር ደግሞ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ነበር።

ነሐሴ። የሞቱት

በ3ኛው ሳምንት ጠፍጣፋው ላይ ያሉት ላቬንደሮች ከታች ጀምረው ጠቆሩ። የጠወለገ ስለሚመስል ሰው ውሃ ይጨምራል። አንዱ ተነቅሎ ታየ፦ ሥሩ ቡናማ፣ ልጣጩ በጣት ሲሳብ እንደ ካልሲ የሚወልቅ፣ የሚሸት። በአየር እጦት ነው የሞተው። 9ኙም ሞቱ፣ ጉብታ ላይ ያሉት 5ቱ ምንም አልሆኑም። የ20 ሴ.ሜ ልዩነት ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ አይመስልም ነበር። ሮዝመሪው ቢጫ ቢያደርግም ተረፈ።

ጉዝጓዙም አልተሳካም። የጤፍ ጭድ 6 ሴ.ሜ ተነስንሶ ነበር። ነፋስ በተነው፣ ከውስጡም ጤፍና አረም አብሮ በቀለ። ከብት አርቢውና ጭቃ ለሳኙ የሚሻሙበት ነገር ለመደብ ማልበስ መዋሉም ያሳዝናል። በቡና ገለባ ተተካ፦ ለ40 ካሬ 6 ሴ.ሜ፣ ከግንዱ 10 ሴ.ሜ ራቅ ተደርጎ። ትኩስ ገለባ ስለሚሞቅ ተክል ሥር ከመግባቱ በፊት 3 ሳምንት ተከምሮ ሁለት ጊዜ ተገላበጠ። ለላቬንደርና ለእሬት 20 ካሬ ደግሞ 5 ሴ.ሜ ሬድ አሽ ለበሰ፤ እርጥብ ገለባ አንገታቸውን ያበሰብሳል።

የዚህ ወር ሥራ በሳምንት 190 ደቂቃ። አብዛኛው አረም ነው።

መስከረም

አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ 9 አዲስ ላቬንደር ጉብታ ላይ ገባ። ከዚህ ወር ያለፈ ተከላ በጋውን ሙሉ ውሃ መሸከም ነው። መጭ የተባለው አረም ዘር ሳይቋጥር ታጨደ፤ መንቀል አላስፈለገም፣ አበባው ላይ ሲቆረጥ ይበቃዋል። አደዩን ተውነው። 165 ደቂቃ።

ጥቅምትና ኅዳር

ውሃው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ 6ቱም ሊትር በአንድ ጊዜ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሥሩን ላይኛው 5 ሴ.ሜ ውስጥ ያኖረዋል፤ ያ ደግሞ መጀመሪያ የሚደርቀውና የሚሰነጠቀው ክፍል ነው። ከኅዳር በኋላ በ10 ቀን አንዴ ሆነ። 120፣ ቀጥሎ 105 ደቂቃ።

በኅዳር 2ኛ ሳምንት ውርጭ ጣለ። ሳሩ ላይ ነጭ አመዳይ፣ ጥጉ ላይ ያለችው ቡገንቪላ እስከ ጉልበት ድረስ ጥቁር። በመጋቢት «ውርጭ» ብለን የጻፍንበት ጥግ ነው። የተቃጠለው ጫፍ አልተቆረጠም፤ አሁን ከተቆረጠ ከሥሩ አዲስ ለጋ ያወጣል፣ ያም በሚቀጥለው ውርጭ ይሄዳል። ማታ ማታ ኬሻ ትለብሳለች፣ ጠዋት ይገለጣል። 10 ደቂቃ በቀን ለአንድ ተክል፤ ሂሳቡ ባለቤቶቹ ፊት ቀርቦ በየካቲት ወደ ምዕራቡ የቤት ግድግዳ አቅጣጫ እንድትዛወር ተስማሙ፣ ከሊሾው ውጭ። አጋፓንተስና ቀጋ ውርጩን አላዩትም።

ከጥጉ ታችኛው ረድፍ ሁለት ብሎኬት ወጥቶ በፍርግርግ ተተካ፣ የተጠራቀመው አየር መውጫ እንዲያገኝ።

ታኅሣሥና ጥር። ንቃቃት

ጉዝጓዝ በሌለው ጠርዝና በሳሩ ውስጥ 3 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ንቃቃት ተከፈተ፤ ክንድ ያህል እንጨት ይገባል። ንቃቃት ቀጭን ሥር ይበጥሳል፣ እርጥበቱንም ከታች ያተናል። በውሃ ለመዝጋት መሞከር ኪሳራ ነው፤ ውሃው ሥሩን አልፎ ይወርዳል። ኮምፖስትና ደቃቅ ሬድ አሽ ተቀላቅሎ ተሞላበት፤ በክረምት አፈሩ ሲያብጥ ውጦት ይቀራል፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ራሱን ያሻሽላል። ከገለባው በታች ያለው መደብ የፀጉር ያህል ብቻ ነው የተሰነጠቀው።

ሳሩ ቢጫ ሆነ። አይጠጣም፤ በልግ ሲመጣ ይመለሳል። ይህንን ለመቀበል ባለቤቶቹ ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደባቸው።

የጥር ሥራ በሳምንት 90 ደቂቃ፦ ውሃ መክፈትና ማይክሮ ቱቦ ማየት 30፣ መንገድ መጥረግ 35፣ ሌላው 25። መጥረጉ ያልጠበቅነው ነው። ጎረቤት ያለው ግራቪሊያ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ አሸንዳውንም ይደፍናል። አሸንዳው ላይ ወንፊት ይደረጋል። መንገዱ ላይ የሚወድቀው ቅጠል ደግሞ ወደ መደቡ እየተጠረገ በገለባው ላይ ይጨመር ተባለ፤ እስካሁን በከረጢት እየተጫነ ይጣል ነበር።

እስካሁን ከወጣው ገንዘብ ችግኝ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ከግማሽ በላይ የሆነው አፈር፣ ሬድ አሽ፣ ድንጋይና ማጓጓዣ ነው፤ ሌላው የሰው ቀን።

ለየካቲት የተያዘ፦ ቡገንቪላዋን ማዛወር፤ የሰመጡ 11 ኮብሎችን ማንሳትና ከሥራቸው አሸዋ መጨመር፤ ለቀጣዩ ክረምት 8 ኩንታል የቡና ገለባ ከወዲሁ መከመር፤ የቦዩን ድንጋይ ከበልግ በፊት ማየት፣ በመድረሻው በኩል ሁለቱ ተንቀሳቅሰዋል።